ኮስታራው ባሌና ሁለቱ ጠርሙሶች

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ኮስታራው» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲያስቅ የኖረ ፀጉር አስተካካይ። ቀልዱን ጣል ያደርጋል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ በሳቅ ይፈርሳል፣ የሱ ፊት ግን ንቅንቅ አይልም። ሰው ኩራት ይመስለው ነበር። በሽታ መሆኑን ያወቅነው ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሳ ሲለው ነው። ሐኪሙ የጡንቻ በሽታ ነው አለን፤ በዘር የሚመጣ፣ ፊትን፣ ትከሻንና ክንድን ቀስ እያለ የሚያደክም፣ የሚያድን መድኃኒት የሌለው። ፉጨት የማይችለው፣ ሲተኛ ዓይኑ ገርበብ ብሎ የሚቀረው ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔማ እንዳገባሁት ሰሞን ነቅቶ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

መድኃኒት የለውም የሚለውን አልሰማም አልኩ። ጡንቻ ከደከመ ይሠራል፣ አለቀ። ሁለት የውሃ ጠርሙስ አሸዋ ሞላሁና በየጠዋቱ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ አስነሳው ጀመር። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ያነሳል። አርባ። ስልሳ። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ «በርታ፣ የሚያድንህ ይሄ ነው» እላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንን። አንድ ቀን እንኳ አመመኝ አላለም፤ ፊቱም እንደሆነ አይናገርም።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ መቀስ ከእጁ እየወደቀ አስቸገረ። የአንዱን ደንበኛ ጆሮም ጫረ። ፀጉር ቤቱ የታላቅ ወንድሙ ነው። ሦስት ወንበር አለው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው የባሌ ነው። ወንድምየው ቤታችን መጣና «እስከ ቅዳሜ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ቤቱ ተቀምጦ ይረፍ፣ እኔ እያለሁ አትቸገሩም» አለኝ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ ለኔ ነው የሚነግረኝ፣ ስለ ቁም ሳጥን እንደሚያወራ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ እዚሁ ነው ያለው። እሱን ያናግሩት» አልኩ። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት ባሌ ክትትል የሚያደርግበት ሆስፒታል አንዲት ልጅ ላከልን። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ አለች። ምንድነው ደግሞ ይሄ ብላት፣ «ሰው የየቀን ሥራውን ባለው ጉልበት እንዴት መሥራት እንደሚችል ማየት ነው ሥራዬ» አለች። ፀጉር ቤት ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠችና ሦስት ሰዓት ሙሉ ስታየው ዋለች። ማሸት የለ፣ ስፖርት የለ፣ እንዲያው ማየት ብቻ። ለዚህ ነው እንዴ የተማረችው?

ከዚያ ተነሳችና የደንበኛውን ወንበር ፔዳል ረግጣ እስከ መጨረሻው አወረደችው። ባሌን ጎማ ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። በወንበሩ መደገፊያ ላይ ፎጣ ጠቅልላ አሰረችና ክርኑን አሳረፈችለት። «ክንድዎን ወደ ሰውየው ራስ ከሚያነሱ፣ የሰውየውን ራስ ወደ ክንድዎ እናውርደው» አለችው። ይሄን ያህል ዓመት ያንን ፔዳል ስንቱ ረግጦታል፣ ማንም አላሰበውም። እኔም አላሰብኩትም።

ወንድምየው ከበሩ ላይ ቆሞ ያያል። «ቅዳሜ በኔ ራስ ይሞክር። ከቻለ ወንበሩ የሱ ነው፣ ካልቻለ በቃ» አለ።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ቤታችን መጣች። ጠርሙሶቼን አፌን ሞልቼ አሳየኋት። አንዱን አንስታ በእጇ መዘነችና «በሽታውን እርስዎ አላመጡትም። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው። እስኪንቀጠቀጥ ግን አይሆንም፤ የሳቸው ጡንቻ ሲደክም እንደኛ ቶሎ አያገግምም። የቀኑን ጉልበት እዚህ አልጋ ላይ ጨርሰው ነው መቀስ የሚይዙት» አለች።

ወደሱ ዞርኩ። «ያምህ ነበር?»

«ያመኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ስትቆጥሪ ደስ ይልሽ ነበራ።»

ጠርሙሶቹን ይዤ ወጣሁና አንዱን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። አሁን ሳወራው እንኳ ያንገበግበኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ነኝ ብዬ ሰው ሳሰቃይ፣ እሱ ደስ ይበላት ብሎ ዝም። በራሴ ልናደድ በሱ? በሁለታችንም ተናደድኩ፣ ለሁለታችንም በቂ ንዴት ነበረኝ።

ልጅቷ ሳትሄድ ሕግ አወጣችልን። «ፊታቸው ስለማይነግርዎት ይጠይቋቸው። ድካሙ ከአስር ስንት ነው? ስድስት ከሞላ መቀሱን አስቀምጠው አስር ደቂቃ ይረፉ።» ያን ቀን ስጠይቀው ዋልኩ። ሁለት ይለኛል። ማበጠሪያው ከእጁ ወድቆ እኔ እያነሳሁለትም ሁለት። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ቅዳሜ ወንድምየው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ባሌ በርጩማውን እየነዳ ዞረውና «ጋሼ፣ መሃሉ ላይ እኮ ሜዳ ጀምሯል» አለ። ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ወንድምየው አልሳቀም።

ቀኙን ጨረሰ፣ ጥርት አድርጎ። ወደ ግራ ሲዞር የመቀሱ ጫፍ ስትርገበገብ አየኋት። ፊቱ እንደሁልጊዜው ነው። ዝም ልል ነበር፤ በወንድሙ ፊት ደከመኝ ካለ ወንበሩ ሄደ። ሁለት ብሎ ዋሽቶ ከቀጠለም መቀሱ ይወድቃል፣ ወንበሩም ይሄዳል።

«ስንት ነው?» አልኩት።

ወንድምየው በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠብኝ።

«ሰባት» አለ ባሌና መቀሱን አስቀመጠ። እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«ሰባት ምን ማለት ነው?» አለ ወንድምየው።

«አስር ደቂቃ ይጠብቃሉ ማለት ነው» አልኩ።

ወንድምየው ሊሄድ ብድግ አለ፣ ራሱን በመስታወት አየ። ቀኙ ሙሽራ፣ ግራው ከእስር ቤት የወጣ። ተመልሶ ተቀመጠ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በጋዜጣ ሸፈነ። አስር ደቂቃ እንዲያ ረዝሞ አላውቅም።

ከዚያ ባሌ መቀሱን አነሳና ግራውን ጨረሰ። ከቀኙ አንድ ፀጉር አልበለጠም። ወንድምየው አንገቱን አራገፈ፣ ቆመ፣ እኔን አልፎ ወደሱ ዞረ።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ትገባለህ?» አለው።

«በሦስት። ከሰዓት በኋላ አልሠራም።»

«እሺ» አለ ወንድምየው።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ መንገዱ እኩሌታ ላይ፣ «ሰባት ያልኩት ውሸቴን ነው» አለኝ።

«ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ።»

የመቀሶቹን ቦርሳ ከእጁ ነጥቄ ያዝኩና ቤት እስክንገባ አላናገርኩትም።