ግራዝማች አውቃለሁ በማናለብሽ ግድግዳ ላይ

ማናለብሽ የጠላ ቤቷን ግድግዳ በጋዜጣ ስትለጥፍ አንድ ፊደል አታውቅም ነበር። ቤቷ ከቆሰበር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የቅዳሜ ገበያ ከሚቆምባት ትንሽ መንደር ነው። የጭነት መኪና ነጂዎች ጥለውት የሚሄዱትን አሮጌ ጋዜጣ ሰብስባ፣ የዱቄት ሙጫ አቡክታ ጭቃው ላይ አጣበቀችው። ጭቃው እንዳይረግፍ፣ ቤቱም ደመቅ እንዲል ብላ ነው እንጂ፣ ባሏን ያሳስርባታል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

ጣጣውን ያመጣው አንድ ባለ አራት ሥዕል ቀልድ ነው። በየጋዜጣው ጥግ የሚወጣ «ግራዝማች አውቃለሁ» የሚባል ቦርጫም ሰውዬ ነበር። የቡሽ ባርኔጣ ይደፋል፣ ከዘራ ይይዛል፣ የማያውቀው ነገር የለም። በመጀመሪያው ሥዕል «አውቃለሁ!» ይላል፤ በአራተኛው ወይ ጭቃ ውስጥ ነው፣ ወይ ዱቄት ውስጥ ነው፣ ወይ ከበቅሎ ሆድ ሥር ነው። አለቀ፤ ሌላ ነገር የለውም። ያም ሆኖ እሷ ግድግዳ ላይ ያለውን አንዱን ቀልድ፣ ወረቀቱ ወይቦም ሰው አልጠገበውም። ከዘንገና በኩል የሚመጣው አበረ የሚባል ገበሬ፣ ማንበብ ባይችልም፣ ዋንጫውን እንደያዘ ከሥዕሉ ፊት ይቆምና ግራዝማችን በአገውኛ ያናግረዋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ባለፈው ቅዳሜ በሳቁበት በዚህኛውም ቅዳሜ ይስቃሉ። የታወቀ ነገር ምኑ ያስቃል ትሉ ይሆናል። መታወቁ ነዋ የሚያስቀው! «አውቃለሁ» ባይ አገሩን በሞላበት ዘመን፣ ሁልጊዜ ሳይሳሳት የሚወድቅ አንድ አዋቂ ማግኘት ቀላል መሰላችሁ?

በዚያ ዓመት የግብር ነገር አገሩን አስቀይሞት፣ ሰው ከወንድሙ ጋር እንኳ የሚያወራው በሹክሹክታ ነበር። በዚህ ላይ አዲስ ሹም ከሌላ አገር ተሹሞ መጣ። ቦርጭ አለው። ከዘራ አለው። ይባስ ብሎ የቡሽ ባርኔጣ አለው።

ቅዳሜ ዕለት ሹሙ ገበያውን ሰንጥቆ ሲያልፍ የማናለብሽ ባል ሽባባው በበሩ አየው። የሱ አፍ መቼ ያርፋል!

«እናንተ ሰዎች፣ ግራዝማች ከግድግዳ ወርደው ገበያ ወጡ!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ማናለብሽም ከት ብላ ሳቀች፤ ኋላ አንጀቷን ያሳረራት ይኸው የራሷ ሳቅ ነው። ከሳቁት መሀል ግን አንዱ ጆሮ ጠቢ ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ሽባባውን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት።

«ሹሙ ሐሙስ መጥቶ ሥዕሉን በዓይኑ ያየዋል» አላት ውቤ የሚባለው ዘበኛ። «እኔን ነው የሚመስለው ካለ፣ ባልሽ በሰንሰለት ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ነው የሚሄደው። ምን ልበልሽ እንግዲህ፣ ጸልዪ።»

የጎረቤቷ የውዴ ወንድም እዚያ ገብቶ እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም።

ማናለብሽ በሩን ዘጋችና ከግድግዳው ጋር ተፋጠጠች። መገንጠል ነው! ግን እንዴት ተደርጎ? ከግራዝማች ራስ በላይ፣ በዚያው ገጽ ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ አለ። የጃንሆይን ፎቶግራፍ የቀደደ ሰው ምን እንደሚደርስበት ነጋሪ አያስፈልጋትም። ሌላ ጋዜጣ ደርባ እንዳትለጥፍ፣ ሹሙ «ምኑን ነው የሸፈንሽው?» ቢላት ምን ልትመልስ ነው? ቢጨንቃት የታችኛውን ጠርዝ በጥፍሯ ፈልፈል አደረገችው። ያ የተረገመ ሙጫ ጭቃውን ይዞ ተነሣ፤ ስንጥቁም እየተሳበ፣ እየተሳበ፣ ወደ ጃንሆይ ጫማ ወጣ።

«ኧረ በማርያም!» ብላ በሁለት መዳፏ ደግፋ ያዘችው። ምራቋንም ዱቄቷንም አንድ ላይ ለውሳ፣ እያለቀሰች መልሳ ለጠፈችው። «ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! ምነው ግድግዳዬ ባዶውን በቀረ!»

ሐሙስ ሹሙ ውቤን አስከትሎ መጣ። በርጩማ አቀረበችለት፤ አልተቀመጠም። ጠላ ቀዳችለት፤ አላየውም። ባርኔጣውን አውልቆ ብብቱ ሥር አደረገና ወደ ሥዕሉ ቀረበ። ማናለብሽ ምሰሶውን ተደገፈች። ልቧ ሲመታ የሚሰማባት እየመሰላት ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰበሰበች።

በሥዕሉ ላይ ግራዝማች ያላለቀ ድልድይ ይሻገራል። አናጢው «ጌታዬ፣ ገና ነው!» ይለዋል። «አውቃለሁ!» ይላል ግራዝማች። በአራተኛው ሥዕል ባርኔጣው ብቻ ወንዙ ላይ ይንሳፈፋል።

የሹሙ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። በቁጣ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ሰውየው ግን እየሳቀ ነበር! ቦርጩን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ኧረ ጉድ! አለቃዬ ናቸው እኮ! ቁርጥ እሳቸውን! ያ ደንቆሮ ሽማግሌም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ አውቃለሁ እያለ...»

ሳቁን ድንገት አቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ።

«ምን አልኩ?»

«አልሰማሁም ጌታዬ» አለች ማናለብሽ። «ጆሮዬ ያስቸግረኛል።»

«አንተስ?»

«እኔ ውጭ ነበርኩ ጌታዬ» አለ ውቤ፣ ከአጠገቡ ቆሞ።

የሹሙ ግንባር አልቦታል። ማናለብሽ ሹም ሲፈራ አይታ አታውቅም፤ ማየቷም አላጽናናትም፣ ይብሱን አራዳት። ያ ቃል አለቃው ጆሮ ቢደርስ ሹመቱ አለቀለት፤ እንዳይደርስ ደግሞ የሰሙትን ሁሉ ሰብስቦ ቢያስርስ? ማን ይከለክለዋል? ሰውየው እሷን አየ፣ ውቤን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ።

«ሥዕሉ እኔን አይመስልም» አለ በመጨረሻ።

«አይመስልም ጌታዬ።»

«ማንንም አይመስልም!»

«ማንንም ጌታዬ።»

«ውቤ፣ ሂድና ሰውዬውን ፍታው።» ከበሩ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚህ ቤት አንዲት ቃል ብትወጣ...» አለና ሳይጨርሰው ሄደ። ቢጨርሰው ይሻላት ነበር።

ሽባባው ከሰዓት በኋላ መጣ። ገመዱ የበላው ክንዱ አብጧል፣ ፊቱ ጠቁሯል። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አገላብጣ ሳመችው። ሲቀመጥ ጠላ ሰጠችው፤ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ቀና አለ።

«ምን ብለሽ አስፈታሽኝ?»

«እኔ ምንም አላልኩ። እሱ ነው የተናገረው።»

«ምን አለ?» ዓይኑ በራ። ከንፈሩ ገና ሳይሰማ ለሳቅ ተሰናድቷል። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፤ ቤቱ በሰው ይሞላል። ማናለብሽ ያበጠውን ክንዱን አየችው።

«እንኳን ላንተ፣ ለራሴም ደግሜ አልነግረው» አለች።