የአባቴ ፎቶ፣ «የመጨረሻ» የተባለው

ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ፎቶ ቤቴ አንድ ሕግ አለኝ፦ ኦርጅናሉ አይነካም። መጀመሪያ ኮፒ አድርግ፣ ለኮፒው ሌላ ስም ስጠው፣ ከዚያ እንደፈለግክ ተጫወትበት። ይህን ለሰው ሁሉ ስሰብክ ኖሬ የገዛ አባቴ ላይ ስደርስ ረሳሁት።

አባቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። በወጉ የተነሳው ፎቶ አልነበረውም፤ ካሜራ ሲያይ ይሸሻል። ሲሞት በእጃችን የቀረው አንድ ብቻ ነበር፦ ጋራዡ በር ላይ፣ ዘይት በጠገበ ቱታ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ በስልኬ የሰረቅኩት። አንድ የፊት ጥርሱ የለም። የመኪና ማንሻው ክሪክ አምልጦ ነው ያወለቀው። ከዚያ ወዲህ አፉን ሸፍኖ አያውቅም፤ እንደውም ሳቁ ጨመረ።

ለአርባው ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሳሎን ይሰቀል ተባለ። ዘመድ ሁሉ ፎቶ ቤት መጥቶ ከጀርባዬ ተኮለኮለ።

«በቱታ? የሰው መሳቂያ ልታደርገን ነው? ሱፍ አልብሰው» አለች አክስቴ።

አባቴ ሱፍ የለበሰው ለሰርጉ ብቻ ነው፣ እሱንም ተውሶ። አለበስኩት። ሴቭ። አጎቴ «ክራቫትስ?» አሉ። አሰርኩለት። ሴቭ። «ጥርሱን ሙላለት፣ ክፍተቱ የተቸገረ ያስመስለዋል» አለች አክስቴ። ሞላሁለት። ሴቭ። ፀጉሩ ጠቆረ። ሴቭ። በመጨረሻ አጎቴ ራቅ ብለው አዩትና «ሳሎን ሲሰቀል ፊቱ ወደ በሩ ይሆናል፤ ጥሎን የሚሄድ ይመስላል» አሉ። ሄዷል እኮ! በአፌ ግን «እሺ ጋሼ» ብዬ ግራ ቀኙን ገለበጥኩት። አልሸሹም ዞር አሉ። አሁን እራቱ እንደዘገየበት ሰው ወደ ጓዳ ያፈጣል። ሴቭ።

ፋይሉን ገና ስጀምር «የመጨረሻ» ብዬው ስለነበር ሌላ ስም መስጠት አልታየኝም። ሁሉም እላዩ ላይ ተጻፈበት። ከስልኬም ቦታ ይለቀቅ ብዬ ኮፒ ሳይሆን ቆርጬ ነበር ያመጣሁት።

በአርባው እንግዳው «ቁርጥ እሱን!» እያለ በላ። አንድ ከገላን ኮንዶሚኒየም የመጣ የጋራዥ ባልደረባው ብቻ «ሚኒስትር ዘመድ እንዳላችሁ አላውቅም ነበር» አለ። እናቴ በማግስቱ ፎቶ ቤት መጣች።

«ያኛውን ስጠኝ» አለች፤ «የሚስቀውን።»

«ይሄም ይስቃል እኮ፣ እማዬ።»

«ይሄማ የባንክ ማስታወቂያ ነው።»

መጥፋቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ቁጭ በይ፣ መልሼ እሠራዋለሁ» አልኳት። ወደ በሩ መለስኩት። ሱፉን ገፍፌ ከሌላ ሰው ፎቶ ቱታ ተዋስኩለት። ፀጉሩን አሸበትኩ። ጥርሱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

የቱ ነበር? ግራው ወይስ ቀኙ? ያን ሳቅ ዕድሜ ልኬን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስበላ አይቼዋለሁ። የማላውቀውን ሰው ብጉር አንድ በአንድ የምለቅም ባለሙያ የአባቴን አፍ አላውቀውም። አፈርኩ። በግምት ቀኙን አጠቆርኩና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩላት።

ብዙም አላየችውም። ጣቷን የራሷ ከንፈር ላይ፣ በግራ በኩል አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነበር» አለች። «ግድ የለም፤ አንተ ሥራ ይበዛብሃል።»