የጋሽ ወንድይፍራው እጅ ያልነካው ብሎን

ጋሽ ወንድይፍራው አረፉ ሲሉኝ «ሌላ ሰው ይሆናል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ትናንት ሱቃቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ ሰላም ብያቸው አልፌአለሁ።

እንደገና ተደወለ። እውነት ነው።

ለማታውቋቸው፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሬዲዮም፣ ስልክም፣ የእኔን የሰርግ መቅረጫ ድሮንም የሚጠግኑ አዛውንት ነበሩ። ድሮንን በሰርግ ብቻ በምናውቅበት ጊዜ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩላቸው ከጥድ ጋር ተጋጭቶ ክንዱ ሲሰበር ነው። ብሎኖቹ የገብስ ፍሬ አያህሉም። ካቻቢቴ ሲመርጡ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ጫፉን ብሎኑ አናት ላይ አስቀምጠው ይነቀንቁታል፤ ትንሽ ከተወዛወዘ ሌላ ያነሳሉ። እምቢ ያለውን ብሎን አልታገሉትም። የፋብሪካው ማጣበቂያ እንዲለቅ የጋለ ብረት ጫፍ አስነክተው ጠበቁት።

መቸኮሌን አይተው ካቻቢቴውን አቀበሉኝና «መጀመሪያ ጫኚ፣ ከዚያ አዙሪ። ከተንሸራተተብሽ አቁሚ» አሉኝ። ለመጣው ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዓመት በኋላ ድሮኑ እንደገና ተበላሸ። እሳቸው ለሕክምና ደብረ ብርሃን ሄደው ነበር። ሰርግ ደርሶብኝ ከሱቃቸው ማዶ ላለው ጠጋኝ ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት ፎቷቸውን ለጥፎ «የሙያ አባቴ» ብሎ የጻፈውን ሰውዬ ነው የምላችሁ።

በኤሌክትሪክ መፍቻ ነው የፈታው። የአራቱ ብሎኖች አናት ተበልቶ ክብ ሆነ። በአዲስ እንደመቀየር ክንዱን በሙጫ አጣበቀና «አልቋል፣ ውሰጂ» አለኝ።

ሰርጉ ላይ ክንዱ አየር ላይ ተገነጠለ። ድሮኑ የሙሽራዋ አክስት ላይ ወድቆ ትከሻቸውን ሰበረው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጠይቁ ሰውዬው «የአዛውንቱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጥገናው የሳቸው ነው» አለ። መጨረሻ ማን እንደፈታው የማውቀው እኔ ነበርኩ። ጋሼን ሳልጠብቅ ለሌላ መስጠቴ አሳፍሮኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሱቃቸውን የረገጠ ሰው በጣት ይቆጠራል።

ከወራት በኋላ ሄጄ ነገርኳቸው። ለካ የተበላውን ብሎን ያየ ሰው ነግሯቸው፣ ሁሉንም ያውቁ ነበር። አደባባይ ላውጣው ስላቸው «ልጆች ያሳድጋል። እኔ በሕይወት እያለሁ አትናገሪ» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ቃሌ እስከ ዛሬ ጠዋት ነበር።

የብሎኖቹን ፎቶ ከታች አያይዣለሁ። የሙሽራዋ አክስት ቤትም ሄጄ አፍ ለአፍ ነግሬያቸዋለሁ። አንተ «የሙያ አባቴ» ባይ ደግሞ ጽሑፍህን ብታጠፋውም ሰው አይቶታል። ዕቃውን ላንተ የሚሰጥ ሰው እስኪጠፋ እናገራለሁ። ለልጆችህ ማዘን ነበረብኝ። ዛሬ አልቻልኩም።

ጋሼ፣ እርስዎ ይቅር ብለውታል። እኔ አላልኩትም፤ ራሴንም ገና ይቅር አላልኩም። ነገ አስከሬንዎን ከሚሸከሙት አንዱ ልሁን ብሎ ስሙን አስመዝግቦ ነበር። የእድሩ ዳኛ ደጅ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸውና አስወጡት።

በሰላም ይሂዱ። እጁ አይነካዎትም።