ያሸነፍኩበት ክርክር

የቆላ ከሰዓት በኋላ ሰውን ሳያስተኛ ሕልም ያሳያል። የትምህርት ቤታችንን የክርክር ክበብ ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ሙቀት ነው። ቀጥሎ በደሴ መንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና ጉርምርምታ፣ በመስኮት የሚገባው የማሽላ ሽታ፣ ከዚያ የራሴ ድምፅ ይመጣል። ድምፄን በጣም እወደው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል የገባን ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። እናቴ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት፤ ሾፌርና ረዳት ሲነታረኩ እየሰማሁ ስላደግሁ ምላሴ ስለት ነበረው። ሌላዋ ደግሞ ከቀወት ገጠር በየማለዳው በእግሯ የምትመጣ የገበሬ ልጅ ናት። ዝምተኛ ብትሆንም በሒሳቡም በታሪኩም ሁላችንንም ትበልጠን ነበር። አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሷ የቤት ሥራዬን ታርምልኛለች፣ እኔ አስቃታለሁ።

አርብ ከሰዓት በኋላ የክበብ ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ወንዶች መረብ ኳስ ሊጫወቱ ይወርዳሉ፣ የአትክልት ክበብ ልጆች ፓፓያቸውን ያጠጣሉ፣ እኛ ጥግ ያለችው ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። የአማርኛ አስተማሪያችን ባርኔጣቸውን ገልብጠው ሁለት የተጠቀለሉ ወረቀቶች ይጥሉበታል። የደረሰህን ወገን ይዘህ ትሟገታለህ፤ ብታምንበትም ባታምንበትም። እኔ አንድ አርብ ውሃ ከእሳት ይበልጣል ብዬ፣ በሌላው አርብ ደግሞ እሳት ከውሃ ይበልጣል ብዬ ተሟግቼ ሁለቱንም ረትቻለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ያኔ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

ለወላጆች ቀን የተመረጠው ርዕስ «ሴት ልጅ ብትማር ይሻላል ወይስ ብትዳር?» የሚል ሆነ። ተከራካሪዎቹም ሁለታችን ሆንን። ባርኔጣው ውስጥ እጃችንን ከተትን። ለእሷ «ትማር» ደረሳት፣ ለእኔ «ትዳር»። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ወረቀቷን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ስንወጣ ወንዙ ዳር ካለው ወርካ ሥር አስቆመችኝ። ማጀቴ ከምትባለው ከተማ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። አባቷ እሺም እምቢም አላሉም፤ ከወላጆች ቀን በኋላ መልስ እሰጣለሁ ብለው ቀጥረዋል።

«አባቴ ይመጣሉ» አለችኝ። «የት እንደምውል አይተው አያውቁም። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳሸንፍ ካዩኝ ሽማግሌዎቹን ይመልሷቸዋል። ዝም በይ አላልኩሽም፤ ቀስ በይልኝ ብቻ።»

እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አልመጣችም። ማሽላው ፍሬ ይዞ ወፍ ወርዶበት ስለነበር ማማ ላይ ወጥታ ወንጭፍ ስትወነጭፍ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ስትጮህ ሰነበተች። በወላጆች ቀን ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ሰላም ስትለኝ ግን የሰማሁት ትንፋሽ ብቻ ነው። የአባቷን ማሽላ ከወፍ ስትጠብቅ ድምጿ ተዘግቷል።

ዳሱ በአገዳ የተሠራ ነበር። ፀሐይዋ በየስንጥቁ እየገባች የሰዉን ፊት ታዥጎረጉረዋለች። ባለሱቆች፣ ሾፌሮች፣ ሽርጥ ያገለደሙ የቀወት ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። አባቷ ከፊት ወንበር ላይ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይጠብቃሉ። እሷ ቀድማ ተነሳች። የምትለውን አውቀው ነበር፤ የተማረች ልጅ የአባቷን የመሬት ወረቀት ራሷ ታነብለታለች፣ ማንም አያታልለውም የሚል ነበር። ጥሩ ነገር ነው። ከሁለተኛው ወንበር ወዲያ ግን የሰማት የለም። አንድ ሽማግሌ «ምን አለች?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ።

ተራዬ ደረሰ። ቀስ ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። ለስለስ አድርጌ ጀመርኩ። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ስል ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ደስ አለኝና ሌላ ጨመርኩ። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ስል ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ሕልም ነው። ሙቀቱ፣ የተዥጎረጎረው ብርሃን፣ ወደ እኔ ያዘነበለው ሰው ሁሉ ይታየኛል፤ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም፣ ቃሉ ከየት እንደሚመጣም አላውቅም። በመጨረሻ እጄን ወደ እሷ ዘረጋሁ። «ተመልከቱ፣ ጓደኛዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተምራ የሚሰማ ቃል ካላወጣች፣ ትምህርቱ ምን ጠቀማት?» አልኩ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አባቷ አልሳቁም። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያም መሬት መሬት አዩ። ዳኞቹ ለእኔ ፈረዱ።

ሰዉ ሲበተን አባቷ ወደ እኔ መጡ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። «ልቤ ሲዋልል ከርሞ ነበር፤ አንቺ ቁርጡን ነገርሽኝ።»

ከሕልሜ የነቃሁት ያኔ ነው። «አባባ፣ ዕጣ ደርሶኝ እኮ ነው» አልኳቸው። «እኔ አላምንበትም። ዕጣው ቢለወጥ ተቃራኒውን እናገር ነበር።» ትሕትና መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ያላመነበትን እንዲህ አድርጎ የሚናገር ሰው የለም» አሉኝ።

እሳቸው ቃልን እንደ መሐላ የሚያዩ ሰው ነበሩ። ለእኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ቃል መጫወቻዬ ነበር። ጥምቀት እንዳለፈ እሷ ወደ ማጀቴ ተዳረች። እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ወደ ክርክር ክበብም አልተመለስኩም።

ያን ቀን ግን በሩ ላይ ጠብቃኝ ነበር። አባቷ አህያቸውን ይዘው ቀደም ብለዋል። ይቅር በይኝ ልላት አስቤ ነበር። እሷ ናት የቀደመችኝ። ለመስማት ጆሮዬን ወደ አፏ ማስጠጋት ነበረብኝ።

«ጥሩ ተናገርሽ» አለችኝ። «መካከል ላይ እኔም አምኜሽ ነበር።»