የመምህር ፋንታሁን ኮምፒዩተር አልነሳም ያለ ሰሞን

ባለፈው ሰሞን ያረጀ ቴሌቪዥኔን ላሠራ አንድ ጠጋኝ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ባለሙያው የኋላ ሽፋኑን ፈቶ ሲያነሳው የተቃጠለ አቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ቡን ብሎ ወጣ። ሰውየው «ምን ሆኖ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔ የለሁም። በሐሳብ የልጅነቴ አዋሽ ገብቻለሁ፤ መምህር ፋንታሁን ሳሎን፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል ብዬ ወለሉ ላይ ተንጋልያለሁ።

አዋሽን ያላየ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይል ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ የጣራው ቆርቆሮ ሲንጣጣ፣ ውሻ እንኳን ከባቡር ጣቢያው ጥላ ንቅንቅ አይልም። ወንዱ ሁሉ ከሥራ ሲመለስ ሱሪውን ጥሎ ሽርጥ ያገለድማል። ጎረቤታችን መምህር ፋንታሁን ከጎጃም የመጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እሳቸውም ሽርጥ ያገለድማሉ፤ ከወገባቸው በላይ ግን ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሦስቱን እስክሪብቶ በደረት ኪሳቸው ደርድረው ነው። ከላይ አስተማሪ፣ ከታች የአዋሽ ሰው። ሥርዓት ይወዱ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ኮምፒዩተሩን ጅቡቲ ወደብ የሚሠራው ወንድማቸው በተምር ካርቶን ደብቆ በባቡር ላከላቸው። ጥቁር ነው፣ ከሒሳብ ደብተር ብዙም አይበልጥም፣ ቁልፎቹ የጎማ ናቸው። የራሱ መስኮት ስለሌለው ከቴሌቪዥን ጋር ይገጠማል። ቴሌቪዥኑም ከዚያው የመጣ ሲሆን አዋሽ ላይ አንድም ጣቢያ አይዝም። ቢያበሩት የሚታየው ያው የሚንሿሿ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ነው። ሌላ አገር በረዶ ይሉታል አሉ፤ እኛ በረዶ የት አይተን፣ አሸዋ ነበር የምንለው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ግን አሸዋው ጸጥ ይልና ነጭ ገጽ ይመጣል። መምህር ፋንታሁን የተማሪ ውጤት ይደምሩበታል፣ ክብ ይስሉበታል፣ አንዳንዴም ስሜን ጽፈው ከላይ እስከ ታች ይሞሉልኛል። ስሜ እንደዚያ በዝቶ አይቼ ስለማላውቅ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ሽጉጡን ታጥቆ በየስብሰባው ይቆምና ከጅቡቲ የሚመጣውን ሁሉ፣ ሽቶውንም፣ ቴፑንም፣ ሰፊውንም ሱሪ፣ «የኢምፔሪያሊስት ቅራቅንቦ» እያለ ይረግማል። የኮምፒዩተሩ ወሬ ጆሮው ሲደርስ ታዲያ በሕዝብ ፊት ትእዛዝ ሰጠ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ጓድ መምህር ማሽኑን እዚህ አምጥቶ ለሰፊው ሕዝብ ያሳያል። ከሠራ ለትምህርት ነው እንላለን። ካልሠራ የመገናኛ ሬዲዮ ነው ማለት ነው፤ ማሽኑም ባለቤቱም ወደሚመለከተው ክፍል ይሄዳሉ።»

ወደሚመለከተው ክፍል መሄድ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው አይጠይቅም። የመምህር ፋንታሁን ባለቤት እትዬ አስካለ በማግስቱ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አጥበው አጥር ላይ አሰጡት። በአዋሽ ሙቀት ብርድ ልብስ ለማን እንደሚታጠብ ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶታል።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን የሚሠራውን ማሽን ሳይነካ እሁድን ይጠብቅ ነበር። መምህር ፋንታሁን ግን ሕዝቡ ፊት የቀበሌውን ነዋሪ ስም በሙሉ በአንዴ ካላሳየሁ አሉ። ማሽኑ ደግሞ ብዙ መያዝ አይችልም፤ ሲበዛበት ይረሳል። ስለዚህ ከኋላው የሚሰካ ተጨማሪ ሜሞሪ፣ የክብሪት ቤት የምታክል ነገር፣ ወንድማቸው በመኮሮኒ ካርቶን ላከላቸው።

«ይቺ ስትጨመርለት የነገሩትን አይረሳም» አሉ ለባለቤታቸው እያሳዩ።

«ለአንተም አንድ ይላክልህ ነበር» አሉ እትዬ አስካለ። «ላምባ ግዛ ካልኩህ ሰነበትኩ።»

ሜሞሪዋን የሰኩት ጠዋት ነው። አመሻሽ ላይ ቴሌቪዥኑን አበሩ፣ ኮምፒዩተሩን አበሩ። አሸዋ። አጥፍተው አበሩት። አሁንም አሸዋ ነው።

ያን ሳምንት ያየሁትን ጭንቀት አልረሳውም። ሜሞሪዋን ነቀሏት፣ ጥርሶቿን በአልኮል ጠረጉ፣ መልሰው ሰኩ፣ ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ ጭራሽ አውጥተዋት ማሽኑን እንደ ድሮው ብቻውን አበሩት። ያው አሸዋ። መምህር ፋንታሁን ወንበር ስበው ተቀመጡ። አዲሱ ነገር ወጥቶም ካልዳነ፣ አዲሱ ነገር አሮጌውን ገድሎታል ማለት ነው ብለው ደመደሙ። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ መደምደሚያቸውን ማንም ሊያስለውጣቸው አልቻለም።

ሰፈሩ ግን ተስፋ አልቆረጠም። የባቡር ጋራዡ መካኒክ መጥቶ ዳሰሰውና «ሞተር ነው፣ ግሏል» አለ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከወሎ መጥተው ሆቴል የከፈቱት ሐጂ ይመር ዘንድ ተወሰደና ፍሪጅ ውስጥ፣ ለስላሳዎቹ መሀል ተኝቶ ዋለ። ሲወጣ እንደ ሰው አልቦት ነበር። እትዬ አስካለ በሰሌን ማራገቢያ ሲያራግቡለት፣ ሐጂ ይመር ራሳቸውን እየነቀነቁ «ቢስሚላህ ሳትሉ ሰክታችሁት ይሆናል» አሉ። መምህር ፋንታሁን በስመ አብ ብዬ ነው የሰካሁት አሉ። ሐጂ ይመርም እሱም ደህና ነው አሉ።

እሁድ እየቀረበ ሄደ። ብርድ ልብሱም ደርቆ ታጥፎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ሐመዱ የመጡት እንዲህ ሆነን ነው። ሐመዱ ከአዋሽ ወዲያ ማዶ ግመል የሚያረቡ የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ዓሊ መምህር ፋንታሁን ቤት ተቀምጦ ይማራል፣ እሳቸውም ለገበያ ሲወጡ ጎራ ይላሉ። አፋር ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ዳጉ ይቀባበላል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ሁሉም በተራ ይነገራል። አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም፤ የሰማው ሰው ለሚቀጥለው ያደርሰዋልና። መምህር ፋንታሁን ይህን ወግ ያከብራሉ፣ ያን ቀን ግን ጨንቋቸዋል።

«ማሽኑ ተበላሸ፣ እሁድ ሊያስሩኝ ነው» አሉ ባጭሩ።

ሐመዱ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ይኼ ዳጉ አይደለም። ጭራውን ነው የሰጠኸኝ። ከራሱ ጀምር።»

መምህር ፋንታሁን ከካርቶኑ ጀመሩ። ሐመዱ በያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር «እህ» ይላሉ። ካርቶኑ በየትኛው ባቡር መጣ? ማን ተሸከመው? ጠዋት ማን ቤት ነበር? ምሳ ምን በላችሁ? እትዬ አስካለ ሽሮ መሆኑን ከጓዳ መለሱ። «እህ» አሉ ሐመዱ።

«ከዚያ አመሻሽ ላይ አበራሁት። አልነሳም አለ።»

«ከምሳ እስከ አመሻሽ ማን መጣ?»

«ማንም።»

ሐመዱ አልተቀበሉትም። «ከምሳ እስከ አመሻሽ ረጅም ነው። ዳጉህ ቀዳዳ አለው። መንገድ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ቀዳዳውን ምን እለዋለሁ?»

መምህር ፋንታሁን ወደ መስኮቱ አዩ፣ ወደ ባለቤታቸው አዩ። እትዬ አስካለ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። «ንገራቸው እንግዲህ። ሊያስሩህ አይደል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣብሃል?»

መምህር ፋንታሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ለካ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጓድ ታደሰ ብቻውን፣ በሽርጥ፣ በጓሮ በር መጥቶ ነበር። ማሽኑን አስቀድሜ ልየው አለ እንጂ ዞር ብሎም አላየው። «ይኼ ቴሌቪዥን የጅቡቲን ኳስ ይይዛል?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ኳሱን ፍለጋ ቁልፉን ወዲህ አዞረ፣ ወዲያ አዞረ፤ ሲያጣው «እኔ እዚህ አልመጣሁም» ብሎ በመጣበት ወጣ።

«ምኑን አዞረ?» አሉ ሐመዱ።

«የቴሌቪዥኑን ቁ...» አሉና መምህር ፋንታሁን ከወንበራቸው ተነሡ።

ቴሌቪዥኑ የኮምፒዩተሩን ምስል የሚይዘው ቁልፉ አንዲት ቦታ ላይ ሲቆም ብቻ ነው። ድሬዳዋ ላይ አንድ ባለሙያ አስተካክሎት ከመጣ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ምንም የማይዝ ቴሌቪዥን ቁልፍ ማን ይነካል? መምህር ፋንታሁን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው መለሱት። አሸዋው ተንሿሿ፣ ተጨማደደ፣ ከዚያ ጸጥ አለና ነጩ ገጽ መጣ። ማሽኑ አንድም ቀን አልታመመም ነበር። እትዬ አስካለ እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሐመዱ ሻያቸው ቀዝቅዞ ስለነበር ሌላ ይቀዳልኝ አሉ።

እሁድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ከእናቴ ጋር አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበርኩ። መምህር ፋንታሁን ያን ቀን ሱሪ ለብሰዋል። ሜሞሪዋን መልሰው የሰኩበትን ማሽን ከነቴሌቪዥኑ አበሩና የነዋሪው ስም ከታች ወደ ላይ ይጎርፍ ጀመር፤ ሰው ስሙ ሲያልፍ እያየ አጨበጨበ። ጓድ ታደሰም በጣም ደስ አለው። ያዳነው እሱ ይመስል።

«መልካም» አለ። «ግን ሳምንቱን ሙሉ ሞቷል ሲባል ነበር። ምን ነክቶት ነው?»

«የቴሌቪዥኑ ቁልፍ ከቦታው ዞሮ ነበር።»

«ማን አዞረው?»

መምህር ፋንታሁን ጎንበስ ብለው ገመድ ማስተካከል ጀመሩ። ጓድ ታደሰ ዝምታ ሲሰማ አሻጥር ይሸተዋል። አዳራሹን በዓይኑ ሲያስስ ዓሊ ላይ ቆመ። «ይኼ አንተ ቤት የሚኖረው ልጅ አይደል? ተነሥ!»

ዓሊ ተነሣ። አባቱ ሐመዱ ከኋላው ተቀምጠዋል፤ ዱላቸውን ጨብጠው መምህር ፋንታሁንን ብቻ ነበር የሚያዩት። እናቴ እጄን ጨመቀችኝ።

«ልጁ አይደለም» አሉ መምህር ፋንታሁን። «እርስዎ ነዎት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እኔ ቤትህ መጥቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ችግሩ ያልተገኘውም ለዚህ ነው። አልመጣሁም ብለውኝ ስለሄዱ፣ ያልመጣ ሰው ቁልፍ ያዞራል ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ማሽኑን ሳገላብጥ ሰነበትኩ።»

ሐጂ ይመር አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። ጓድ ታደሰ የቴሌቪዥኑን ቁልፍ አየ፣ ቀጥሎ የገዛ ጣቶቹን አየ፣ ከዚያ ገና እንደቆመ ያለውን ልጅ አየ። ሰውየው ፊቱ ላይ ምን ያህል ነገር እንደተመላለሰ ልነግራችሁ አልችልም። በመጨረሻ ወንበሩን ተደገፈ።

«ተቀመጥ ልጄ» አለው ለዓሊ። «እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ኳስ ነበረ» አለ።

የዚያን ቀን ሳቅ ያስነሣውን አቧራ! የሳቀ ሰው ይታሰራል ብለን ሁላችንም ስንፈራ የኖርን ሰዎች፣ አግዳሚ ላይ እየተደጋገፍን ሳቅን። እሱም ሳቀ፣ አጀንዳው ይቀጥል አለ፣ ስለ ቦኖ ውኃ ተወያየን።

መምህር ፋንታሁን በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ፣ ማሽኑም አብሯቸው ሄደ። ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም፤ በሕይወት ካሉ እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው በሕዝብ ፊት «እኔ ነኝ» ሲል የሰማሁት በእሳቸው ምክንያት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣን አፍ ውስጥ ብዙ ፈልጌዋለሁ፣ አላገኘሁትም። ሰፈራችን ግን ተቀየረ። እናቴ፣ ዕቃ በተሰበረ ቁጥር ቀበቶ ታነሣ የነበረችው ሴትዮ፣ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ንገሩኝ ማለት ጀመረች። እኛም መፍራት ስንተው መዋሸቱን ተውን።

አምና የገዛሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውኃ ማፍሰስ ጀመረና ኮሪደሩን አጥለቀለቀው። ማን እንደነካው ገና ሳልጠይቅ ትንሿ ልጄ እግሯ ረጥቦ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለችኝና ጠዋት ከአልጋዋ ከተነሣችበት ጀምራ፣ ቁርሷንም ሳታስቀር፣ ትነግረኝ ጀመር። ውኃው ይፈሳል፣ እኔ አላቋረጥኳትም።