ሃያ አራት የግራ እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ የእህቷን ልጅ ስታመጣ፣ ልጅቷ ገና ከመግባቷ የጠየቀችው ውኃ አይደለም፤ ሶኬት ነው። ስሟም እሱው ሆኖ ቀረ። እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፤ የእኔ በር ከእነሱ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ሳልፈልግም አያለሁ። ስፈልግማ አስቡት።

ሶኬት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ሥራ በቀየረ ቁጥር ከተማ ለከተማ አንከራቷታል፤ ጓደኛ ስትይዝ ዕቃ ይጫናል። ሁሌ አብሯት የሚሄደው ስልኳ ብቻ ነው።

«ይሄ ሱስ ነው» አለች አክስቷ። «ትምህርት ቤቱ ያዘዘው የተማሪዎች ኮት ለቅዳሜ ካልደረሰ ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ።»

ሐሙስ ዕለት ሶኬት አንድ ዓይኗን ጨርቁ ላይ፣ አንዱን ስልኩ ላይ አድርጋ እጅጌ ቆረጠች። ሃያ አራት። ሁሉም የግራ! ጨርቁ ደግሞ ፊትና ጀርባው ስለሚለይ ገልብጠው አይሰፉት።

«ሁለት ግራ እጅ ያለው ተማሪ ከየት ላምጣ?» ጮኸች አክስት።

«እኔም አላየሁም» አልኳት። ሰው ሲጨንቀው ዝም ማለት አልችልም።

ልጅቷ ሻንጣዋን ጎተተች።

«ለመሆኑ እዚያ ስልክ ውስጥ ምን አለሽ?» አልኳት።

«በጨዋታው አለቃ ነኝ፣ ጋሼ። አርባ ሰው አዛለሁ። አንድ ቀን ከቀረሁ ‹የት ጠፋሽ?› ይሉኛል።»

«እዚህስ?»

«እዚህማ ‹ክር አቀብዪ› ነው።»

አክስት መቀሱን አስቀመጠች። መቀስ ስታስቀምጥ ሳያት ሁለተኛዬ ነው፤ መጀመሪያ ጥርሷን ስትነቀል ነበር። የጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዋን ወረወረችላት።

«በይ እዘዢና እንይሽ!»

ሶኬት የትዕዛዙን ወረቀት አነበበች።

«አክስቴ፣ ኮቱ ስንት ነው?»

«ሃያ አራት።»

«ታዲያ ግራው አልቋል እኮ! የቀረው ቀኝ ብቻ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆረጠችን ሴት ንዴት መቁጠር አስረስቷታል።

«አክስቴ፣ አንቺ ቀኝ ቁረጪ። እኔ እገጥማለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ቁልፍ።»

«እኔ እኮ ጫማ ሰፊ ነኝ።»

«መርፌ መርፌ ነው!»

ታዘዝኩ። ሚስቴ እንዲህ ስታዘዝ ብታየኝ በቅናት ታለቅስ ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ሶኬት ቻርጀሯን ራሷ ነቅላ ካውያ ሰካች። ስልኩ ሞተ፤ ለቀስተኛም አልነበረው።

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጥታ እጅጌውን አንድ በአንድ እየሳበች አየች።

«እንዲህ ያለ አገጣጠም! የማን እጅ ነው?»

አክስት አፏ በስፒል ተሞልቶ ስለነበር በአገጯ ወደ ሶኬት ጠቆመች።

ሴትዮዋ ኮቶቹን አስጭና ስትወጣ አክስት ስፒሎቹን ተፋች።

«ሻንጣሽን አምጪው።»

ልጅቷ ክው አለች።

«ምን ያስደነግጥሻል፣ አለቃ? የቁርጥራጭ ማስቀመጫ አጥቼ ነው።»