መጀመሪያ ለመኪናዋ

በመጨረሻው ደህና ቀን ወንድም ጋሼና እኔ፣ አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር ደጃችን ላይ፣ ቱሪስት ወደ በረሃ የምናደርስባትን አሮጌ ላንድክሩዘር ስናሰናዳ ዋልን። ድንኳኑን ከላይ አስረን ስናበቃ ከጀሪካኑ ውሃ ልቀዳ ስል እጄን ያዘኝ።

«መጀመሪያ ለመኪናዋ!»

«ጋሼ፣ ካይሮ ነን እኮ! ቧንቧው ያውና።»

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፤ እዚህ ካልለመድክ እዚያ ትረሳዋለህ።»

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። ራዲያተሩን ይሞላል፣ ለእኔ ይቀዳል፣ እሱ መጨረሻ ይጠጣል። ያን ቀንም እንደዚያው አደረገ።

ሌሊት በተኛበት ልቡ ቆመ።

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት መኪናዋ እንደተጫነች ቆማለች። የሹፌሩ ወንበር ለእሱ ረጅም እግር ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው፤ ልነካው አልቻልኩም። ራዲያተሩን ሞላሁ። ከዚያ ቀድቼ ጠጣሁና፣ እንደ ልማዴ ኩባያውን ለእሱ ዘረጋሁ።